ከደሴ አሰብ፣ ጀልባ መሥራት ለመማር

የሠራሁት ጀልባ ሐይቅ ላይ የሰጠመው የአገሩ ሰው በሙሉ ዳር ቆሞ እያየ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ንግግር አድርጎ ጭብጨባው ሳያበቃ በየስንጥቁ ውሃ ይገባ ጀመር። አራት ሆነን ነበር የተሳፈርነው። ከዳር ብዙ ስላልራቅን ውሃው ደረታችን ላይ ቆመ፤ ጀልባው ግን እንደ ድንጋይ ወረደ። ሰዉ መጀመሪያ ጮኸ፣ ኋላ ሳቀ። ያልሳቁት የባለቤቴ እናት እማማ አስካለ ብቻ ነበሩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ውሃውን ያዩ ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ልጃቸው ተሾመ ከገበያ ሲመለስ የተሳፈረባት የደንገል ታንኳ ተገልብጣ እዚያው ቀርቷል። የእሳቸው መንደር ከሐይቁ ማዶ ነው። ወደ ከተማው ገበያ ወይም ወደ ክሊኒክ ለመምጣት ወይ ሐይቁን ዙሪያውን መዞር ነው፣ ወይ በታንኳ መሻገር። እኔ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሠፈር አናጢ ነኝ፤ በር፣ መስኮት፣ አልጋ እሠራለሁ። "እኔ እያለሁ እንደ ሚስቴ ወንድም ሌላ ሰው በደንገል እስር ይሙት?" ብዬ ነበር የጣውላ ጀልባ ልሥራ ያልኩት። ሊቀመንበሩም የማኅበሩን ጣውላ ሰጠኝ። እንዴት እንዳለቀ ነግሬያችኋለሁ።

የዚያን ቀን ማታ ባለቤቴ አልማዝ የረጠበ ልብሴን እየጨመቀች "በቃ ተወው" አለችኝ።

"አልተወውም። ጀልባ የሚሠራ ሰው ካለበት አገር ሄጄ አያለሁ።"

"የት ነው እሱ?"

"አሰብ።"

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፤ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ ወደ ከተማ አይኬድም። የቀበሌው ጸሐፊ "ለምን ጉዳይ?" ሲለኝ እውነቱን ነገርኩት። ብዕሩን አስቀምጦ ሳቀና "እንዲህ ብዬ ብጽፍ እኔንም አንተንም ያስሩናል" አለ። በወረቀቱ ላይ "ዘመድ ለመጠየቅ" ብሎ ጻፈ። ያን ጊዜ ደግ ሥራ የሠራልኝ መስሎኝ ነበር።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ስነሣ ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ነበር። አልማዝ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልኝ፤ ካፖርቴንም በግድ አስለበሰችኝ። "በረሃ እኮ ነው የምወርደው" ብላት "በረሃም ቢሆን ሌሊት አለው" አለች። መጋዝ፣ መሮና መዶሻ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ያዝኩ። ባዶ እጁን የመጣ አናጢ ማን ያምነዋል?

የሐረጎን ጠመዝማዛ በአውቶቡስ ስንወርድ ጉሙ ከላያችን ቀረ። ኮምቦልቻ ስደርስ ካፖርቱን አውልቄ ትከሻዬ ላይ ጣልኩት። የደሴ ሰው ኮምቦልቻን ቆላ ይለዋል። ከአሰብ ስመለስ እዚያው ኮምቦልቻ ላይ በረደኝ፤ ቆላ የሚባለውን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ጋሽ ሰይድ ቤት አደርኩ። ጋሽ ሰይድ በአሰብ መንገድ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ የልጃቸውን የሠርግ አልጋ የሠራሁት እኔ ነኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ከድጃ ድስት ይዘው ሲገቡ "ሥጋ ነበረን፤ አንተ ስትመጣ ግን ሁላችንም ሽሮ እንበላለን" አሉ። ወሎ እንዲህ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ሰርግና ለቅሶ አንድ ላይ ይውላል፤ የሚለየን የሥጋ ሳህን ብቻ ነው። እሱንም እንዲህ ያሉ ሴቶች ያስታርቁታል።

ለምን እንደምሄድ ለጋሽ ሰይድ ነገርኳቸው። "አብሽር፣ እወስድሃለሁ" አሉኝ። "ግን ወላሂ፣ እዚያ ስለ ጀልባ ጮክ ብለህ አታውራ። ሰው በባሕር እየኮበለለ አስቸግሯል።"

ሰኞ

ባቲ የደረስነው በገበያ ቀን ነው። ግመሉ፣ ፍየሉ፣ አሞሌው፣ ማሽላው መንገዱን ሞልቶት መኪናው እንደ ሙሽራ በዝግታ አለፈ። ከባቲ ወዲያ አገሩ ሁሉ ተለወጠ። እኛ ጋ ዛፍ ወደ ላይ ያድጋል፤ እዚያ ወደ ጎን ነው የሚያድገው። እኛ ጋ ነፋስ ሲመጣ ሰው "ተመስገን" ይላል፤ እዚያ ነፋሱ ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ነው፣ ሰው ፊቱን ያዞርበታል።

ሚሌ ኬላ ላይ አንድ ጠባቂ ወረቀቴን ካነበበ በኋላ ከረጢቴን ፈታ። መጋዙን በሁለት ጣት አንሥቶ "ዘመድ ልትጠይቅ ነው የምትሄደው?" አለ።

"አዎ።"

"በመጋዝ ነው ዘመድ የሚጠየቀው?"

ጋሽ ሰይድ ከመሪያቸው ላይ ሆነው "የዘመዱ በር ተገንጥሎ ነው፤ ባዶ እጁን ከሚሄድ ይሻላል" አሉ። ጠባቂው ሳቀና አሳለፈን። መኪናው ሲነሣ ግን ጋሽ ሰይድ ኬላው እስኪሰወር ድረስ ዓይናቸውን ከኋላ ማያ መስታወቱ ላይ አላነሡም።

ሚሌ ደጅ በተዘረጋ የገመድ አልጋ ላይ አደርን። አልማዝ "ሌሊት አለው" ያለችው ሌሊት ቀኑን ያህል ይሞቅ ነበር፤ ካፖርቱ ትራስ ሆነ። ጋሽ ሰይድ እሱን እያዩ እስኪያንቀላፉ ድረስ ሳቁ።

ማክሰኞ

ዶቢ በሚባለው ሜዳ ላይ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ሜዳው ነጭ ነው፤ ጨው ይሁን ውርጭ ከሩቅ አይለይም። ደሴ አጠገብ ባለው በኩታበር በኩል በጥቅምት ጠዋት እንዲህ ሲነጣ አይቻለሁ፤ ያኛው ግን ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል። ጎማውን ስንቀይር ብረቱ እጃችንን ፈጀን፤ የያዝነውም ውሃ አለቀ።

አንድ አፋር ሽማግሌ ከየት እንደመጣ ሳናየው አጠገባችን ቆመ። ጋሽ ሰይድ በቋንቋው ሰላም አሉት፤ ረዥም ሰላምታ ነበር፣ ከዘመድ እስከ ከብት የተጠያየቁ መሰለኝ። ከዚያ ሄዶ በስፌት ዕቃ የፍየል ወተት ይዞ ተመለሰ። ወተቱ የጭስ ጣዕም ነበረው፤ እኛም ቅሉን በወይራ እናጥን የለ? ገንዘብ ባወጣ ፊቱን አዞረብኝ። ዳቦ ቆሎ ስሰጠው ግን ተቀብሎ ቆረጠመና ለጋሽ ሰይድ አንድ ነገር ተናገረ።

"ምን አለ?"

"ይህን የጋገረችው ሴት ጥርስ ያላት ናት አለ።"

አሰብ ስንገባ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ባሕሩን ሳላየው ሸተተኝ። የሐይቅ ውሃ ጭቃና ደንገል ይሸታል፤ ይህኛው ጨውና ዓሣ ነው። ወርጄ ዳሩ ላይ ስቆም የገረመኝ ስፋቱ አይደለም፤ ማዶ የሌለው መሆኑ ነው። ሐይቅ ላይ ማዶ ሲባል የሰው ቤት ጭስ ይታያል፤ የሚጠብቅህ ሰው አለ። እዚህ ማዶ የሚሉት ሌላ አገር ነው። ሰው ለምን እንደሚፈራ ገባኝ።

ጋሽ ሰይድ የወደብ ሠራተኞች የሚበሉበትን ቤት ለያዙት ለእትዬ ዘውዴ አደራ ብለው ተዉኝ። ቤቱ በሳጠራ የተሠራ ሆኖ ሁሉም ሰው ደጅ ይተኛል።

"ከየት ነህ?"

"ከደሴ።"

"ከደሴ የት?"

"ቧንቧ ውሃ።"

"እኔ የኩታበር ልጅ ነኝ" አሉና ካፖርቴን ከትከሻዬ ወስደው ፊታቸውን ቀበሩበት። "እፍ! አገሬን አገሬን ይላል። ውርጭ ይሸታል።"

ያን ሌሊት ስለ ተሾመ ነገርኳቸው። "ሐጂ ዐወድ ጋ ሂድ" አሉኝ። "ጀልባ የሚሠራ እሱ ነው የቀረው።"

ረቡዕ

የሐጂ ዐወድ ቦታ ከወደቡ ርቆ በአሸዋው ዳር ነው። አንድ አሮጌ ሳምቡክ፣ ማለት ሸራ ያለው ትልቅ የእንጨት ጀልባ፣ ጎኑ ተከፍቶ ተደግፎ ቆሟል። የጎን አጥንቶቹ ብቻ ሲታዩ የታረደ በሬ ይመስላል። ሐጂ ጎንበስ ብለው አፉ እንደ ዶማ በዞረ መጥረቢያ ጣውላ ይጠርቡ ነበር። ያደጉት እዚያው አሰብ ነው፤ አማርኛቸው አጭርና ጥርት ያለ ነው።

የመጣሁበትን ስነግራቸው ሥራቸውን አላቆሙም። "በምን እንጨት ሠራህ?" አሉ ብቻ።

"በባሕር ዛፍ።"

ያን ጊዜ ቀና አሉ። "ምን አልክ? የባሕር ዛፍ? ባሕር የሚያውቅ ዛፍ ነው?"

"ስሙ ነው እንጂ እንጨቱስ ባሕር አይቶ አያውቅም።"

"እርጥብ ነበር?"

"እርጥብ ነበር።"

"ፀሐይ ላይ አቆማችሁት?"

ሊቀመንበሩ የቀጠረው የበዓል ቀን እስኪደርስ ዳር ላይ ሰንብቶ እንደነበር ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐኪም ሬሳ ሲያይ እንደሚነቀንቀው ዓይነት ነበር።

"አስተምሩኝ፣ ሐጂ።"

"አላስተምርም" አሉ። "ከአንተ በፊት አንድ ሰው መጣ። መማር እፈልጋለሁ አለ። ተማረ። አንድ ቀን እሱም የለም፣ የሰው ጀልባም የለም። ታጣቂዎች መጥተው ቦታዬን ለብዙ ወር ዘጉት። የምሠራው ሲጠፋ መረብ እየሰፋሁ ነው ልጆች ያበላሁት። ወደ አገርህ ሂድ፤ አላህ ይርዳህ።"

አልሄድኩም። ከጥላው ሥር ተቀምጬ እስኪመሽ እጃቸውን አየሁ። ማታ እትዬ ዘውዴ ዓሣ አቀረቡልኝ፤ ረቡዕ ነውና ጾም ነኝ ብላቸው "እዚህ ሽሮ የለም፤ ዓሣ ወይም ረሃብ ነው" አሉኝ። ረሃቡን መረጥኩ። ጥቂት ቆይተው የት እንዳገኙት እንጃ፣ የተቀቀለ ምስር ይዘው መጡ።

ሐሙስ

ሐጂ ከመምጣታቸው በፊት ደርሼ ፍቅፋቂውን ጠረግሁ። መጥተው አዩኝና መጥረቢያቸውን አነሡ። ጣውላ ሲያነሡ በሌላው ጫፍ ያዝኩላቸው፤ እምቢም እሺም የለም። አንድ ጣውላ መጋዝ ሲፈልግ በራሴ መጋዝ ቆረጥኩት። የቆረጥኩትን ዳር በአውራ ጣታቸው ዳብሰው ሌላ ሰጡኝ። ደስታዬ ሳይበርድ ሁለት ታጣቂዎች መጥተው "ከደሴ የመጣኸው አንተ ነህ? ተነሥ" አሉኝ።

ያስገቡኝ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ያለበት ክፍል ነው። የጸጥታ ኃላፊው ወጣት ነው፤ ወረቀቴን ገለበጠው።

"ዘመድ ጥየቃ ይላል። ዘመድህ ማነው?"

"ዘመድ የለኝም። ጀልባ መሥራት ልማር ነው የመጣሁት።"

"ጀልባ የት ልትሠራበት?"

"ሐይቅ ላይ።"

"የት ያለ ሐይቅ?"

"ሐይቅ።"

"ሐይቁ የሚገኘው የት ነው እያልኩህ ነው!"

"ሐይቅ ነዋ፣ ጓድ። የከተማውም ስም ሐይቅ ነው።"

የቀለድኩበት መስሎት ተቆጣ። ወደ ኋላ ክፍል ወሰዱኝና ቆለፉብኝ። እዚያ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም። በዚያ ዘመን እንዲህ ገብቶ የቀረ ሰው ስም በየሠፈሩ አለ። አልማዝን አሰብኩ። ወንድሟ ውሃ ውስጥ ቀረ፣ ባሏ ደግሞ ጀልባ ሲፈልግ ሊቀር ነው። ለራሴ ግን "ከወጣሁ አሁንም ሐጂ ጋ ነው የምመለሰው" አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም፤ ሌላ የምይዘው ነገር ስላልነበረኝ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ በሩ ሲከፈት እትዬ ዘውዴና ሐጂ ዐወድ ከኃላፊው ፊት ቆመዋል። እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን አገልድመዋል። ሐጂ በዚያ በአጭር አማርኛቸው ይናገሩ ነበር።

"የሚኮበልል ሰው ምን ይላል? ጎበዝ ነኝ፣ ጀልባ አውቃለሁ ይላል። ይህ ሰው ግን የሠራሁት ጀልባ ሰጠመ ብሎ ለሁሉም ያወራል። እንዲህ ያለ ሰው የት ይሄዳል? ከወደቡ ሳይወጣ ይሰጥማል።"

ኃላፊው ሊስቅ ሲል ተወው። "ዋስ ይሆናሉ?"

"እሆናለሁ።"

"ቢጠፋስ?"

"ቦታዬን ውሰዱ።"

ለቀቁኝ። ሁለት ነገር ግን አስጠነቀቁኝ፤ በየቀኑ ማታ እየመጣሁ ልታይ፣ ውሃ ላይ ያለ ጀልባም እንዳልረግጥ። ስንወጣ "ሐጂ፣ ትናንት እምቢ ብለውኝ አልነበረም?" አልኳቸው።

"መጋዝ አያያዝህን አየሁ" አሉ። ቀጥለው እትዬ ዘውዴን በአገጫቸው አሳዩኝ። "ደግሞ ይህች ሴት ግቢዬ ገብታ ጮኸችብኝ። የሰው አገር ልጅ ታስበላለህ አለችኝ። ሚስቴም ከእሷ ጋር ሆነች። ሁለት ሴት ከሚጮህብኝ አንድ ኃላፊ ቢጮህብኝ ይሻላል።"

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀኖች

የቀሩትን ቀኖች እርስ በርሳቸው አልለያቸውም፤ ሁሉም ላብና እንጨት ነበሩ። ጠዋት ሥራ፣ ቀትር ላይ ጥላ፣ ማታ ቢሮው ሄዶ መታየት። በሩ ላይ ያለው ዘብ "ዛሬም አልኮበለልክም?" ይለኝ ነበር፤ "ዛሬም አልቻልኩም" እለው ነበር።

የአሰብን ነገር የሰማሁት እጃችን ሥራ ላይ እያለ ነው። የሐጂ አያት ከባሕሩ ማዶ ሲመጡ ከመጥረቢያ በቀር ምንም አልያዙም። ጣውላው ከህንድ በመርከብ ይመጣል፤ ለጎን አጥንት የሚሆነውን ቆልማማ ግንድ አፋሮች ከመሃል አገር በግመል ያመጣሉ። በአባታቸው ጊዜ ጀልባ በጀልባ ላይ ተደግፎ ዳሩን ይሞላው ስለነበር ልጆች አሸዋ ሳይረግጡ በጀልባዎቹ ላይ እየዘለሉ ከጫፍ ጫፍ ይሄዱ ነበር። ለሶላት ሲጠራ መዶሻው ሁሉ አንድ ጊዜ ዝም ሲል ከተማው የሞተ ይመስል ነበር አሉኝ። ሳምቡኩ ቆዳና ጨው ጭኖ ይሄድና ቴምርና ጨርቅ ይዞ ይመለሳል። ኋላ ትልቁ ወደብ ሲሠራ የጀልባ ሠሪዎቹን ቦታ ሁለት ጊዜ አስለቀቋቸው። ልጆቻቸው ወደ ክሬኑና ወደ ነዳጅ ማጣሪያው ሄዱ።

"ከሁሉ የገደለን ግን የእናንተ መንገድ ነው" አሉኝ አንድ ቀን። "የኮምቦልቻ መኪና። ሳምቡክ በሳምንት የሚያደርሰውን እሱ በሁለት ቀን ያደርሳል።"

እኔም የመጣሁት በዚሁ መንገድ፣ በዚሁ መኪና ነው። አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ሳቁ። "አንድ ጊዜ እንኳ ተማሪ አምጥቶልናል" አሉ።

ትምህርቱ ይህ ነበር። እኔ እንደ ቤት መጀመሪያ አጥንቱን አቁሜ ጣውላ በላዩ ላይ መትቼ ነበር። እሳቸው ከአከርካሪው፣ ከጀልባው ሆድ ሥር ከሚጋደመው ወፍራም ግንድ፣ ተነሥተው ጣውላ በጣውላ ላይ ያሳድጉና አጥንቱን በውስጡ ኋላ ያስገቡታል። እንጨቱ ሳይደርቅ ከተሠራ ኋላ ይከዳሃል። በጣውላና ጣውላ መካከል በዘይት የራሰ የጥጥ ፍትል በመሮ ጀርባ እየተመታ ይገባል፤ ጥጡ ውሃ ሲነካው አብጦ ይዘጋል። ከታች ደግሞ ኖራ ከሞራ ጋር ተለውሶ ይቀባል። "ይህማ ኮምቦልቻም አለ!" ብዬ ጮህኩ። ኖራውም፣ ሞራውም፣ ጥጡም። ያጣሁት ዕቃ አልነበረም።

ምሳ ከሐጂ ቤተሰብ ጋር በአንድ ትሪ እንበላ ነበር። ባለቤታቸው ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቀው ከሸክላ ምድጃው ግድግዳ ላይ ይጠብሱታል፣ ቂጣውንም እዚያው ይለጥፉታል። ዓሣ ባራኪ ስለማይፈልግ የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚባል ነገር የለም። እኛ ጋ ሐይቁን ሙሉ ዓሣ አለ፤ አንድ ትሪ ላይ ስለሚያስቀምጠን ብለን ግን በልተነው አናውቅም።

በመጨረሻው ቀን ሐጂ ራሴ የደፈንኩትን ጎን አሳዩኝና ውሃ በባልዲ አስመጡ። ውሃውን ከውጭ መስሎኝ ነበር የሚደፉት፤ ወደ ጀልባው ሆድ ገለበጡት። "ጀልባን መጀመሪያ በየብስ ላይ ውሃ አጠጣው" አሉ። "ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያፈስ ከውጭ ወደ ውስጥም ያፈስሳል። ሰው ሳይሰጥም ታየዋለህ።" ተቀምጠን ጠበቅን። በአንድ ቦታ ብቻ እንደ ላብ አንድ ጠብታ ወጣች። "እሷን ድፈንና ሂድ" አሉኝ።

መመለስ

ጋሽ ሰይድ እህል ጭነው ሲመለሱ ወሰዱኝ። ካፖርቱን ለእትዬ ዘውዴ ተውኩላቸው። ሚሌ ላይ ያ ጠባቂ አወቀኝ። "በሩን ጠገንከው?" አለኝ። "ገና ነው" አልኩት፤ አልዋሸሁም።

ሊቀመንበሩ የማኅበሩን ጣውላ ሁለተኛ አልሰጥም አለ። አልፈረድኩበትም። ለእማማ አስካለ ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና "ደጄ ላይ ያለውን ዋንዛ ቁረጠው" አሉኝ። ተሾመ ከሥሩ የተወለደበት ዛፍ ነው። "እማማ፣ ይቆጭዎታል" ብላቸው "የሚቆጨኝ ሌላ ነው" አሉ። ሊቀመንበሩ የመቁረጫ ፈቃዱን ከለከለ እንዳይባል ፈቀደ።

ዋንዛው በጋውን ሙሉ በጥላ ደረቀ። ሰው "አናጢው አሰብ ሄዶ ዛፍ መጠበቅ ተማረ" ይል ነበር። ጀልባውን ሠርቼ ሳበቃ ከሐይቁ ዳር በየብስ ላይ አቁሜ ውሃ በማሰሮ እያስመጣሁ ሆዱን ስሞላው ደግሞ ሳቁ፤ "አሁንስ ራሱ ማስጠም ጀመረ" አሉ። ጠብታ አልወጣም።

ያለ ንግግር፣ በገበያ ቀን ጠዋት ማዶ ላይ ወደ ውሃው ገፋነው። አልማዝ እጄን ይዛ ነበር። የመጀመሪያው ተሳፋሪ ማን ይሁን ሲባል ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እማማ አስካለ ዶሮዎቻቸውን ታቅፈው መጥተው ገቡና ተቀመጡ። ትንሽ እንደ ቀዘፍኩ ጎንበስ አሉ፤ እጃቸውን ከመቀመጫው በታች ሰደው ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ዳበሱት። ጣቶቻቸውን አውጥተው አዩ። በነጠላቸውም ጠረጓቸው፣ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረም።

"በል ቅዘፍ" አሉኝ። "ገበያው ሳይፈታ እንድረስ።"